የእረኛና የጠባቂ ውሾች ባሕርይና አያያዝ

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር ከጀመረ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ እንስሳ ነው። በኢትዮጵያም በገጠር የእረኛ አጋር፣ በከተማ ደግሞ የግቢ ጠባቂ በመሆን ያገለግላል። በአዲስ አበባ ከተማ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቤቴል በአጥር የተከለሉ የመኖሪያ ግቢዎች የሚበዙበትና ለከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ የቀረበ አካባቢ በመሆኑ ውሻ ማሳደግ የተለመደባቸው ሠፈሮች ከሚባሉት የሚመደብ ነው። በአንዳንድ ግቢዎች ከአገር ውስጥ ውሾች ጎን ለጎን ፀጉራቸው የበዛ የውጭ ዝርያዎችና ድቃዮቻቸው ሲያድጉ ይታያል።

ውሻ ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገለት ጥቅሙ የጎላ ነው። ክትባት ያላገኘ፣ የውስጥ ጥገኛ ትል ያልታከመና ከግቢ ውጭ በነፃ የሚዘዋወር ውሻ ግን የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የመላውን ሠፈር ጤና ለአደጋ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደ ልየታ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ ትኩረት እንዲሰጣቸው ከተመረጡት አምስት በሽታዎች ሁለቱ፣ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታና ኤኪኖኮኮሲስ፣ በቀጥታ ከውሻ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ለጉዳዩ ክብደት ማሳያ ነው። በመሆኑም የእነዚህን ውሾች ባሕርይ ማወቅና አያያዛቸውን ማሻሻል የቤተሰብም የመንግሥት ሠራተኛም ኃላፊነት ነው።

የስፒትዝ ዝርያዎች ምንነት

ስፒትዝ በጀርመንኛ «ሹል» ከሚል ቃል የመጣ ስያሜ ሲሆን፣ ሹል አፍንጫ፣ የቆመ ጆሮ፣ ወደ ጀርባ የተጠቀለለ ጅራትና ድርብ ፀጉር ያላቸውን ውሾች በአንድነት የሚያመለክት ነው። ድርብ ፀጉር የሚባለው ከውጭ ዝናብና በረዶ የሚከላከል ረዘም ያለ ፀጉር፣ ከውስጥ ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሲኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን የስፒትዝ ዝርያዎችን ከጥንታዊ ዓይነት ውሾች ጋር በአንድነት በምድብ 5 አስቀምጧቸዋል። በዚህ ምድብ ከብት፣ በግና አጋዘን ለመጠበቅ የሚያገለግሉ የሰሜን አውሮፓ ውሾች ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል የአይስላንድ በግ ጠባቂ፣ የኖርዌይ ቡሁንድ፣ የስዊድን ቫልሁንድ፣ የፊንላንድ ላፕሁንድና የላፕላንድ አጋዘን ጠባቂ ይጠቀሳሉ። የመካከለኛው አፍሪካ መገኛ የሆነው ባሴንጂም በዚሁ ምድብ ውስጥ የተካተተ ነው።

የአይስላንድ ውሻ ታሪክ

ከእነዚህ ዝርያዎች መካከል ለአገራችን ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ ያለው የአይስላንዱ በግ ጠባቂ ውሻ ነው። ይህ ውሻ በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከሠፋሪዎች ጋር ወደ ደሴቲቱ የገባ ሲሆን፣ ወንዱ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሴቷ ደግሞ 42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት አላቸው። መካከለኛ ቁመና ያለው፣ ደስተኛ፣ ለሰው ቅርብና የማይታክት ነው። መንጋውን የሚነዳው በጩኸት ሲሆን፣ የጠፉ በጎችን ፈልጎ በማግኘትም ይታወቃል። በሰማይ ላይ የሚያንዣብቡ አዳኝ አሞሮችን ተከታትሎ መጮኽም ከልማዶቹ አንዱ ነው። በኋላ እግሮቹ ላይ ተጨማሪ ጣት መኖሩ የዝርያው መለያ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ በኤኪኖኮከስ ትል ምክንያት ከፍተኛ ችግር ውስጥ ገብታ ነበር። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰው ሲገባም በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ይፈጥራል። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ሃራልድ ክራበ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ አገሪቱ ተጉዘው የችግሩ ምንጭ ውሾች የበግ የሆድ ዕቃ በጥሬው መመገባቸው መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ለሕዝቡ በሚገባ ቋንቋ የተዘጋጀ አነስተኛ መጽሐፍ ለየቤተሰቡ እንዲዳረስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1869 እና በ1890 በወጡ ሕጎችም የውሻ ብዛት እንዲገደብ፣ በሽታ ያለበት የሆድ ዕቃ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር፣ ውሾችም የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ተደነገገ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሽታው ከአገሪቱ ጠፍቷል። ለዚህም ትልቁን ድርሻ የያዙት የሕዝብ ትምህርት፣ የእርድ ተረፈ ምርት አወጋገድና የትል መድኃኒት ናቸው።

ዝርያው ግን በዚያው ዘመን በደረሰበት ወረርሽኝ ብዛቱ በእጅጉ ተመናምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማርክ ዋትሰን የተባሉ እንግሊዛዊ ከቀሩት ውሾች የተወሰኑትን መርጠው ወደ ካሊፎርኒያ በመውሰድ ማራባታቸው፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1969 የአይስላንድ የውሻ አርቢዎች ማኅበር መመሥረቱ ዝርያው ከመጥፋት እንዲተርፍ አስችሏል። ከዚህ ታሪክ የሚቀሰመው ትምህርት የሕዝብን ጤና መጠበቅና ነባር ዝርያን ማቆየት እርስ በርስ የማይቃረኑ መሆናቸውን ነው።

የአገራችን ውሻ

የኢትዮጵያ ነባር ውሻ በዓለም አቀፍ ደረጃ በዝርያ ስም የተመዘገበ አይደለም። በአብዛኛው መካከለኛ ቁመት፣ አጭር ፀጉር፣ ቀላል ሰውነት፣ የቆመ ወይም ጫፉ የታጠፈ ጆሮ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ጅራት ያለው ሲሆን፣ ቀለሙ ቡላ፣ ቀይ፣ ጥቁር ወይም ዝንጉርጉር ሊሆን ይችላል። ማንም አርቢ መርጦ ያዳቀለው ሳይሆን፣ በአየር ጠባዩ፣ በምግብ እጥረቱና በበሽታው እየተፈተነ ለዘመናት የቆየ ውሻ ነው።

በደጋው አካባቢ እረኛን ተከትሎ የሚውለው ውሻ ከሰሜን አውሮፓ አቻዎቹ የሚለይበት አንድ ነጥብ አለ። የአውሮፓው ውሻ መንጋውን የሚነዳና የሚሰበስብ ሲሆን፣ የእኛው ግን በአመዛኙ ጠባቂና አስጠንቃቂ ነው። መንጋውን የመንዳቱ ሥራ የእረኛው ሲሆን፣ ውሻው ጅብ፣ ቀበሮ ወይም ነብር ሲቃረብ በመጮኽ እረኛውን ያነቃል። ሌሊትም በበረቱ አጠገብ ያድራል። በከተማ ግቢ ውስጥ ያለውም ይህንኑ ባሕርይ ይዞ የቀጠለ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባልም ይህንኑ ታማኝነት የሚገልጽ ነው።

የውጭ ዝርያ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሊያስብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ድርብ ፀጉር ላላቸው ውሾች የአየር ጠባይዋ የከፋ አይደለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ውሻ ወደ ቆላማ አካባቢ ሲወሰድ በሙቀት ሊታመም ይችላል። ፀጉሩን መላጨት መፍትሔ አይሆንም፤ ፀጉሩ ከፀሐይም ስለሚከላከለው ነው። በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ማበጠር፣ ፀጉር በሚያራግፍበት ወቅትም ድግግሞሹን መጨመር ይገባል። ለሥራ የተፈጠረ እረኛ ውሻ በጠባብ ግቢ ታስሮ ሲውል ያለማቋረጥ የሚጮኽና የሚቆፍር ስለሚሆን ለጎረቤት ችግር ይፈጥራል።

መኖሪያና ምግብ

በአገራችን ልማድ ውሻ የሚያድረው ከቤት ውጭ ነው። ስለሆነም ለብቻው የተዘጋጀ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ማደሪያው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ ከነፋስ አቅጣጫ የዞረና በቀላሉ የሚጸዳ ሊሆን ይገባል። በክረምት ወራት እርጥበት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ የሌሊት ብርድ በተለይ ቡችሎችንና ያረጁ ውሾችን ይጎዳል። ደረቅ ጭድ ወይም አሮጌ ጨርቅ በማንጠፍ ብርዱን መቀነስ የሚቻል ሲሆን፣ ንጣፉ ቁንጫና መዥገር እንዳያፈራ በየጊዜው መቀየር አለበት።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ጠባዩ ይበላሻል። ቁጡና ተናካሽ ይሆናል። ማሰር የግድ በሚሆንበት ጊዜ ውሻው ጥላና ውሃ ማግኘት በሚችልበት፣ ሰንሰለቱም በማይጠማዘዝበት ሁኔታ መሆን አለበት። በቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በማሰሪያ ይዞ ማንቀሳቀስም ጠቃሚ ነው።

ምግብን በተመለከተ ንጹሕ ውሃ ሳይቋረጥ መቅረብ አለበት። እንጀራና ትራፊ ብቻውን በቂ አይደለም። ሥጋ፣ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ ጥራጥሬ ታክሎበት ሊሰጥ ይገባል። ያደገ ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢመገብ ይመረጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ፣ ቸኮሌትና ወይን ለውሻ ጎጂ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጠር አንጀትን ሊወጋ ይችላል። ጨጓራና አንጀት የሚያቆስለው እንዲህ ያለው ስንጣሪ በበዓላት ሰሞን ይበልጥ ስለሚያጋጥም ጥንቃቄ ያሻዋል።

እርባታና ሥልጠና

ሴት ውሻ በአማካይ ለ63 ቀናት ያህል ታረግዛለች። ቡችሎች ዓይናቸውን የሚከፍቱት በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከእናታቸው መለየት ያለባቸው ከ8 ሳምንት በኋላ ነው። ቀድሞ የተለየ ቡችላ በበሽታ የመጠቃት ዕድሉ ይሰፋል፤ ጠባዩም አይስተካከልም።

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የውሻ ጠባይ የሚቀረጽበት ወሳኝ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ከሕፃናት፣ ከእንግዶችና ከመንገድ ድምፅ ጋር በጥንቃቄ የተለማመደ ቡችላ ሲያድግ ጠላትን ከወዳጅ ይለያል። በድብደባና በማስራብ «ጨካኝ» እንዲሆን የተደረገ ውሻ ግን የመጀመሪያ ተጠቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጆች ናቸው።

የማይፈለግ እርባታን መግታትም የአያያዝ አካል ነው። በአንድ ጊዜ በርካታ ቡችሎችን የምትወልድ ውሻ ባለቤት ቡችሎቹን መንገድ ላይ ሲጥል፣ የሠፈሩ ባለቤት አልባ ውሾች ብዛት ይጨምራል። ማኮላሸትና ማምከን በእንስሳት ሐኪም የሚከናወን፣ ለዚህ ችግር ዘላቂ መፍትሔ የሚሰጥ ሕክምና ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሞት ከመዳረግ የሚያድን ሕክምና የለውም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህም መካከል 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው።

በውሻ ላይ የሚታዩት ዋና ዋና ምልክቶች ያልተለመደ የጠባይ ለውጥ፣ ያለምክንያት መናከስ፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ አለመቻልና በመጨረሻም ሽባነት ናቸው። ሁሉም የታመመ ውሻ አይቆጣም። በአንዳንዱ ላይ በሽታው በዝምታና በድካም መልክ ሊገለጽ ስለሚችል፣ መንጋጋው የወደቀ ውሻ «አጥንት ተሰክቶበት ነው» በማለት አፉን በእጅ መክፈት ከፍተኛ አደጋ አለው።

የመከላከያው መንገድ ክትባት ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ክትባት መውሰድ ያለበት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በእንስሳት ሐኪም መመሪያ መሠረት በየዓመቱ ሊደገምለት ይገባል። ሌሎች ክትባቶችም፣ በተለይም ለዲስቴምፐርና ለፓርቮ የሚሰጡት፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራሉ። የክትባቱን ወረቀት በአግባቡ መያዝ ውሻው ሰው በሚነክስበት ጊዜ ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳል።

በአንድ አካባቢ የበሽታውን ሥርጭት ለመግታት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ያመለክታሉ። ይህም ማለት 100 ውሾች ባሉበት ሠፈር ሃያ ወይም ሠላሳ ውሾችን ብቻ መከተብ ለባለቤቶቹ እንጂ ለሠፈሩ ዋስትና አይሆንም። በአንጻሩ ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ማጥፋት ብቻውን በሽታውን እንዳላስቆመ የበርካታ አገሮች ልምድ አሳይቷል። ውሾች በተገደሉበት ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይተካሉ፤ የተከተቡትም አብረው ስለሚጠፉ የሠፈሩ መከላከያ ይሳሳል። መርዙ ለሕፃናትና ለሌሎች እንስሳትም አደጋ ነው።

ሰው ሲነከስ መደረግ ያለበት

ማንኛውም ሰው በውሻ ሲነከስ ወይም ሲቧጨር መጀመሪያ መደረግ ያለበት ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ሐኪሙ እንደ ቁስሉ ሁኔታ ክትባት፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ፀረ እንግዳ አካል ይሰጣል። የታዘዘው ክትባት እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት፤ ቁስሉ ዳነ ብሎ ማቋረጥ ሕይወት ያሳጣል።

ቁስል ላይ በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል መነስነስ መወገድ ያለበት ልማድ ነው። የእምነትና የባህል ሥርዓት የሚከተሉ ወገኖችም ክትባቱን ሳያቋርጡ ቢወስዱ ሕይወታቸው ይተርፋል። የነከሰው ውሻ የሚታወቅና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ መግደል ሳይሆን አስሮ ለ10 ቀናት መከታተል ይመረጣል። በእነዚህ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ ወዲያውኑ ለጤናና ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሆኖም የሰውየው ክትባት የክትትሉን ውጤት በመጠበቅ መዘግየት የለበትም።

ቅርጫና የውሻ ትል

ኤኪኖኮከስ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ርዝመት ያለው የኮሶ ትል ዓይነት ሲሆን፣ በውሻው ላይ የጎላ ሕመም ሳያስከትል ሊኖር ይችላል። ውሻው ትሉን የሚያገኘው የበግ፣ የፍየል፣ የከብት ወይም የግመል ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ በጥሬው ሲበላ ነው። ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው እንቁላል በሣር፣ በአትክልት፣ በውሃና በውሻው ፀጉር ላይ ተጣብቆ ወደ ሰው ይገባል። ዕጢው ለዓመታት ሳይታወቅ ያድግና ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሊዳርግ ይችላል።

በቄራ የሚታረድ ከብት በባለሙያ ስለሚመረመር የተበላሸው ክፍል ይወገዳል። በዓላት ሲደርሱ በየግቢው በሚካሄደው እርድና በቅርጫ ጊዜ ግን ይህ ምርመራ አይኖርም። አራጁ ውሃ የቋጠረውን ጉበት ቆርጦ ለውሻ የሚወረውረው ለውሻው በማሰብ ነው፤ ውጤቱ ግን ትሉን ወደ ቤት ማስገባት ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ ትንሽ የመሰለች ቸልተኝነት ለትልቅ ጉዳት በር ትከፍታለች።

መፍትሔው ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ነው። ውሃ የቋጠረ የሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻ የሚሰጠውንም ቢያንስ ለ40 ደቂቃ መቀቀል ያስፈልጋል። ለውሻው በባለሙያ ትዕዛዝ በየሦስት ወሩ፣ አደጋው ከፍተኛ በሆነበት ቦታም በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መስጠት፣ ውሻ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በጥሬው የሚበላ አትክልትን በሚገባ ማጠብም አስፈላጊ ነው።

የባለቤት ኃላፊነት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ውጭ መሆኑ ባለቤቱን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። ስለሆነም የግቢ በር ክፍት በመሆኑ የወጣ ውሻ ለሚነክሰው ሰው ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። በር ላይ «ከውሻ ተጠንቀቅ» ብሎ መጻፍ ጠቃሚ ማሳሰቢያ ነው፤ ነገር ግን ውሻውን ከመቆጣጠር ግዴታ አያድንም።

ከመኖሪያ ሠፈር ባሻገር

የውሻ አያያዝ ጉዳይ በከተማ የሚወሰን አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ዋና ሥጋት ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው በሽታ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀይ ቀበሮዎች በሚኖሩበት በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተቀስቅሶ በርካቶችን ፈጅቷል። ዲስቴምፐርም እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ መርሐ ግብር በአካባቢው የአርብቶ አደሮችን ውሾች ሲከትብ የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በምግብ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ጥቅም ላይ ውሏል።

እነዚህ ሁሉ የሚያመለክቱት አንድን ውሻ መከተብ የአንድን ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። በወረዳ ደረጃ ያሉ የሥራ ኃላፊዎች ውሾችን በመመዝገብ፣ የክትባት ዘመቻ ቀንን አስቀድሞ ለነዋሪው በማሳወቅ፣ በበዓላት ሰሞን የእርድ ተረፈ ምርት የሚወገድበትን ቦታ በማዘጋጀት፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች መረጃ የሚለዋወጡበትን አሠራር በመዘርጋት ውጤት ማምጣት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአጋሮቻቸው ጋር በውሻ አማካይነት በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርሰውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ግብ አስቀምጠዋል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን የሚከበረው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም መስከረም 18 ቀን ገደማ፣ ማለትም የመስቀል በዓል እርድ በሚከናወንበት ሰሞን የሚውል በመሆኑ፣ ስለ ክትባቱም ሆነ ስለ እርድ ተረፈ ምርት አወጋገድ ለነዋሪው ለማስተማር አመቺ ጊዜ ነው።